እሑድ የተከፈተው ብሎግ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዝናብ። ከቁርስ በኋላ ብሎጉን ከፈትሁ። እንደ ወትሮው እሑድ ሙሉ ቀን ተዘግቶ ነበር፤ በሰንበት የሚመጣ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያገኛል፦ «ዛሬ የጌታ ቀን ነው፤ ነገ ይመለሱ።» በመንደራችን ዳቦ ቤቱም ድረ ገጹን እንዲሁ ይዘጋል፤ ማንም አይደነቅም።

ስለ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋኖች ስጽፍ ብዙ ዓመታት አለፉ። አንባቢዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ግን ያምኑኛል። ዛሬ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ለሚሸጥ ድርጅት አስተዋዋቂ ሆኜ ሥራ ጀመርሁ። በዚህ ዕድሜ! ባለቤቴ አርትዬ፣ «ጡረታ ወጥተህ እዚህ ከምትነጫነጭብኝ ይሻላል» ትላለች። ይሻል ይሆን?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ኦርጋኑን አመጡልኝ፤ በውሰት ነው። ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ። መዝሙር 42ን ተጫወትሁ። ጣቶቼ በሪህ ከደረቁ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ባለ ቧንቧ ኦርጋን ቁልፎች ከብደውኝ መጫወቱን ለሌላ ሰው ትቻለሁ። እነዚህ ግን ገና ሲነኳቸው ይታዘዛሉ። አርትዬ ድንች መላጧን ትታ በሩ ላይ ቆመች። እኔም እንዳላየኋት ሆንሁ።

ይህንኑ ጻፍሁ። «ለጣት አይከብድም፤ ለደከመ እጅ ምሕረት ነው» አልሁ። ለድርጅቱ የምሠራ መሆኔንም አልሸሸግሁም። ሁሉም እውነት ነው። ታዲያ ስጨርስ ለምን እንዲህ ዛልሁ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ሎተ ደወለች። የድርጅቱ የማስታወቂያ ኃላፊ ናት። በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች፤ ግን «አንተ» ትለኛለች። ክፋት የለባትም።

«ኤቨርት፣ ጽሑፍህን ሰው ሁሉ ወደደው! በሳምንት ሁለት ብታወጣልንስ?»

«በወር አንድ የምጽፍ ሰው ነኝ።»

«ችግር የለም፣ እኛ እንጽፍልሃለን። የብሎጉን የይለፍ ቃል ብቻ ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ስለ ምን እንደሚጽፉ እንኳ አልጠየቅሁም... ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ውርደት።

ትናንት ከጠዋቱ ጸሎት ስንወጣ የአንዳንዱ ሰው ሰላምታ ቀዝቅዞብኝ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ አወቅሁ። ሎተ ብሎጉን በሰንበት ከፍታ ጽሑፍ አውጥታበታለች፤ በስሜ፣ ከነፎቶዬ። ርእሱ «አሮጌ ኦርጋን ለማስጠገን ለምን ትደክማላችሁ?» ይላል። የእኛው ምእመናን ደግሞ በሚመጣው ወር መጀመሪያ በዚሁ ጉዳይ ድምፅ ሊሰጡ ነው፦ የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ።

ደወልሁላት።

«እሑድ ጠዋት እኮ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ሰዓት ነው!» አለች፤ ከልቧ ግራ ገብቷት።

«የእኔ አንባቢዎች እሑድ ጠዋት ቤታቸው አይደሉም፣ ልጄ።»

«ይቅርታ... ታዲያ ቅዳሜ ይሁን?»

ጥፋቱ የቀኑ ብቻ መሰላት። ጽሑፉን አነሣሁ፤ የይለፍ ቃሉንም ለወጥሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

የሽማግሌዎች ጉብኝት። በየዓመቱ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ወደየቤቱ እየመጡ ስለ ነፍስ ይጠይቃሉ። ዘንድሮ ቴውኒስ ከአንድ ዝምተኛ ባልደረባው ጋር መጣ። ቴውኒስ ላም አርቢ ነው፤ አብሮ አደጌ፣ ምላሱ ስለታም። ጸሎት ተደረገ። አርትዬ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብስኩት ሰጥታ ቆርቆሮውን ከደነች።

«የመጣሁት ስለ ነፍስህ ልጠይቅ ነበር» አለ ቴውኒስ። «አስቀድሜ ግን የማን ተቀጣሪ እንደሆነች ልወቅ።»

«እሑድ የወጣውን እኔ አልጻፍሁትም።»

«ፎቶው ያንተ ነው። ያ አፍንጫ አያሳስትም።»

አርትዬ ከወጥ ቤት፦ «ለመሆኑ ቴውኒስ፣ አንተ በሰንበት ብሎግ ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

እስከ ጆሮው ቀላ። ባልደረባውን ብስኩቱ ትን አለው። ተሳሳቅን፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

«እሺ፣ ሁለታችንም ንስሐ እንግባ» አለ። «አሁን በእግዚአብሔር ፊት ንገረኝ። እናስጠግን ወይስ እንግዛ?»

«አስጠግኑ። የተቀደደው ወናፉ ነው። ቧንቧዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ከልጅ ልጆቻችን ጋር ይዘምራሉ።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን አዎኑን ለአንዱ፣ አይደለሙን ለሌላው እያከፋፈልሁ ሰነበትሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ጻፍሁት። የድርጅቱ ኦርጋን ሳሎን ውስጥ ለሪህተኛ ሽማግሌ መልካም እንደሆነ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ግን አሮጌውን ማስጠገን እንደሚበጅ። ሎተ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ኤቨርት፣ እኔ ይገባኛል። አለቃዬ ግን... ወይ ታነሣዋለህ፣ ወይ...»

«አላነሣውም።»

«ኦርጋኑንም ልትመልስ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ትጫወትበት ነበር?»

«በየቀኑ። ከእሑድ በቀር።»

ያዘነች መሰለኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

በጠራራ ፀሐይ ወሰዱት። ምንጣፉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ቀረ። አርትዬ ወንበር ልታስቀምጥበት አሰበችና ተወችው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ትናንት ድምፅ ተሰጠ። ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ይገዛ የሚለው አሸነፈ፤ በሰፊው። ከዚያው ድርጅት...

ውጭ፣ ብስክሌቶቹ ዘንድ፣ ቴውኒስን ያዝሁት።

«የኋለኛውን ጽሑፌን አላነበቡትም?»

«አነበቡት እንጂ። ግን መኪናው በርህ ላይ ቆሞ ኦርጋኑን ሲጭን መንደሩ ሁሉ አይቷል። ‹ተጣልቷቸው ነው እንዲህ የጻፈ› አሉ።»

«የጻፍሁት እኮ ቀድሜ ነው!»

«ይህን ማን ይቆጥርልሃል? የፊተኛውን ግን አመኑት፤ ያንን ስለ ደከመ እጅ የጻፍኸውን። የኔዋ አንብባ አልቅሳለች። ከልብህ ነበራ።»

«ከልቤ ነበር።»

ሐሰት አልነበረበትም።

ቴውኒስ ብስክሌቱን ሲያዞር፣ «አዲሱ ኦርጋን ሲተከል የመጀመሪያውን መዝሙር ማን ይጫወት ተባለ» አለኝ። «ለጣት አይከብድም ብለህ የለ? ስምህን ሰጠሁ።»

እሺ አልሁት። ወዲያው፣ ሳላስብ። ወደ ቤት ስመለስም ጣቶቼ በኪሴ ውስጥ ይጫወቱ ነበር... አምላኬ ሆይ፣ ደስ ብሎኛልና ይቅር በለኝ።