ከዳሱ ደጅ የጠፉት

እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ዛሬ የባልንጀራዬን የታደሰን ሠርግ በልቼ መጣሁ። ታደሰ የእርዳታው ስንዴ የሚታደልበት መጋዘን ኃላፊ ነው።

ሠርግ ሲኖር ነዳያን ከዳሱ ደጅ አይጠፉም፤ ተጋባዡ ሲነሳ እነሱ ይቀመጣሉ። ዛሬ፣ በዚህ ረሃብ፣ አንድም ሰው የለም። የአጥሩ በር ላይ ሁለት ጎረምሶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ታደሰን ጠጋ ብዬ «ድሆቹስ?» አልሁት።

«እንጃ፣ አልሰሙ ይሆናል» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ከበሮው እኮ ገበያው ድረስ ይሰማል።

ድፎ ዳቦው ቀላ ያለ ነው። የአገራችን ስንዴ እንዲህ አይቀላም። ዘንድሮስ ደግሞ ስንዴ አጭዶ ጎተራ ያስገባ ማን አለ?

አንድ ቁራሽ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ እማማ የሺን አገኘኋቸው። በየሳምንቱ መጋዘኑ ደጅ ተሰልፈው ስንዴ የሚቀበሉ አሮጊት ናቸው።

«ድግሱ እንዴት ነበር ልጄ? እኛንስ ዱላ የያዙ ልጆች ገና ከወንዙ ማዶ ሳለን መለሱን።»

«ደግ ነበር» አልኋቸው። እጄ ኪሴ ውስጥ ዳቦውን ይዟል፤ ግን ሳላወጣው አለፍሁ። ቀምሰው ስንዴውን ቢያውቁትስ ብዬ ፈራሁ።

ታደሰም የፈራው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።