«እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ያስጻፍነው

ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬ ልጄን ስመኝን ለክትትል ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ልቧ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከገባላት ሦስት ዓመቷ ነው። ከሰፈራችን ከቁስቋም ቁልቁል ስንወርድ እንኳ ሦስት ጊዜ አረፈች። ከክረምት ወዲህ ትራስ ተደግፋ እንጂ ጋደም ብላ አትተኛም።

ነርሷ መዝገቧን ከፍታ ወጣ ስትል አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት አምና ስለሆነ ጣቴን እያስኬድኩ ነው። በየቀጠሮው «ደህና ናት፣ ችግር የለም» ይላል።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አልኳት ስትመለስ።

«እናንተው ናችሁ እንጂ፣ እማማ። እንዴት ናችሁ ስል እግዚአብሔር ይመስገን ትላላችሁ።»

«ምነው ልጄ! እሱማ ሰላምታ ነው!»

«እኔ የተባልኩትን እጽፋለሁ። ቫልቩን ሠርተው ለሚከታተሉት ሰዎች የሚላከውም ይኸው ነው።»

እንግዲህ የሆነ አገር ያለ ሰው የኛን ምስጋና አንብቦ ዕቃው ሸጋ ነው ብሎ ተቀምጧል። ለሌላ እናት ልጅም ያንኑ ያስገቡላታል።

ነርሷ አዲስ ገጽ ገለጠች። «እሺ ስመኝ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ?»

ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ትንፋሿን እየሰበሰበች «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ የነርሷን እጅ አፈፍ አደረግኩ። «ቆማ መተንፈስ አቅቷታል ብለሽ ጻፊ! ተቀምጣ ነው የምታድረው ብለሽ ጻፊ!» ደንግጣ ጻፈች። የጻፈችውን ያየው ሐኪም የሚመጣው ሰኞ ለምርመራ ትምጣ አለ።

ስመኝ ከበር እንደወጣን ዞራ አየችኝ።

«እማዬ፣ ፈጣሪን የምታማርሪው አንቺ፣ የሚቀጣው እኔን።»

ክንዴን ብዘረጋላት አልያዘችም። ሰኞ እሺ ብላ ትሄድልኝ እንደሆነ እንጃ።