ጀርባሽ ያጣላው አዳራሽ

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ በር ስትገቢ ጎንበስ ለምትዪው ለቀውላላዋ እህቴ፤

እንዴት ከረምሽልኝ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? አንሶላ ስታጥቢ የሚቆረጥምሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? የአክስታችን ቤት መቃን አሁንም ግንባርሽን ይመታሻል ወይስ ተሸንፎ ከፍ አለልሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እኔም ደህና ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጤናዬን ትቶ ጠባዬን ነው የሚጠይቀው። ደብዳቤው ከሰባተኛ ክፍል የወጣ ሰው ደብዳቤ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድብሽ አንገትሽን አንጋደሽ አንብቢው። አንገት እንደሆነ አላነሰሽም።

አሁን ቁጭ በዪ። ፊልምሽ ተመልሶ መታየት ጀምሯል። አዎ፣ ያው ፊልም። ከሁለት ዓመት በፊት በመጀመሪያው ቀን ሰው የሳቀበት፣ አንቺም በማግስቱ “ከእንግዲህ ካሜራ ፊት ብቆም!” ብለሽ ሻንጣሽን ያነሳሽበት። እኔ ቲኬት የምቆርጥበት ሲኒማ ቤት ሊመጣ የነበረው አዲስ ፊልም መንገድ ላይ ቀረና ባለቤቱ ጋሼ መደርደሪያቸውን ሲያገላብጡ ያንቺን አገኙት። “አዳራሹ ባዶ ከሚሆን ይቺ ረጅም ትሙላው” አሉ።

ያ ቦታ ሲደርስ፣ ባልሽ መሞቱን ሲነግሩሽ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ክር ወደ መርፌ የምታስገቢበት ቦታ፣ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለልሽ። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ተነስቶ “ዙሪ እንጂ! ጀርባሽን ልናይ ነው እንዴ የመጣነው?” ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹም ተቀበሉት። ውበት የላት፣ እንባ የላት፣ ድምጿ የጎረምሳ፣ ምኗን እንይ አሉ። ይኼኔ ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ ብድግ ብለው “ዝም በል አንተ ምላጭ! አንተ የለመድከው የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ነው። ክሩን ሦስት ጊዜ እንደሳተችው አይተሃል? አርባ ዓመት መርፌ ይዣለሁ። ሦስት ጊዜ የሳትኩት ባሌ የሞተ ቀን ብቻ ነው” አሉት። ከዚያ ጭቅጭቁ ብሶ ቀጠለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ መንገዱ ሁሉ ያንቺ ወሬ ነው። እኔ ታማኙ ወንድምሽ ደግሞ ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ። ምላጩ አንገቴ ላይ ሲሆን “እውነትህን ነው፣ ግንባሯ ለብቻው አንድ ወንበር ይይዛል” እላለሁ። ሱሪዬን ሲጠግኑልኝ ደግሞ “እትዬ፣ እንደ እሷ ያለ አልተፈጠረም” እላለሁ። ምን ላድርግ? አንገትም ሱሪም ያስፈልገኛል።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጋሼ አዲስ ሕግ አውጥተዋል። መውጫው በር ላይ ሁለት የወተት ጣሳ አለ፣ ክዳናቸው የታሸገ፣ ከላይ ቀዳዳ ያላቸው። አንዱ ላይ “ይደገም”፣ አንዱ ላይ “ይብቃ” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የወጣ ሰው ሁሉ የቲኬቱን ጉራጅ ወደ አንዱ ይጥላል። ዓርብ ጋሼ ይቆጥራሉ፤ “ይብቃ” ከበለጠ ፊልሙ ይወርዳል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ዳይሬክተርሽ መልእክት ላከ። አዲስ ታሪክ ጽፏል፤ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነች ሴት ታሪክ ነው። አንቺን ነው ያሰበው። አብረውት የሚሠሩት ግን “እሷ ተመልካች ታባርራለች” ብለው ይዘውታል። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ አያለሁ፣ ፊልሙ እስከዚያ ካልወረደ ግን የእነሱን አፍ የምዘጋበት አገኘሁ ማለት ነው ብሏል።

እንግዲህ እታለም፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ በእጅሽ ምንም የሚወረወር ነገር አይኑር።

ሳምንቱን ሙሉ የምሰማው የፀጉር አስተካካዩን ጩኸት ነበር። “ይብቃ” እስከ አፉ ሞልቷል ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ዓርብ ጋሼ ሳይመጡ ሁለቱን ወረቀቶች ልጬ አቀያየርኳቸው። ብልጠቴ እኔኑ አኩርቶኝ እያፏጨሁ ጠበቅኩ። ጋሼ ቆጠሩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ “በቃ፣ ብዙ ሰው ይብቃ ብሏል። ፖስተሩን አውርደው” አሉኝ። ለካ ስታሸንፊ ኖረሻል! የሚጠሉሽ ይጮሃሉ፤ የሚወዱሽ ግን እንዳንቺው ናቸው፣ ጉራጃቸውን ጣል አድርገው ጀርባቸውን ሰጥተው ዝም ብለው ይወጣሉ። መሰላል ላይ ቆሜ ያንን ረጅም ፊትሽን በገዛ እጄ ጠቀለልኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሳቅ የጠፋብኝ ቀን የለም።

ለእማዬ ነገርኳት። “ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሄደህ ለጋሼህ ተናገር” አለችኝ። ሄድኩ። ጋሼ ደግሞ አላመኑኝም። “አንተ ባለፈው ወር መብራት ቆጣሪ ተቃጠለ ብለህ በካልሲ ያስሮጥከኝ አይደለህም? በዚያ ላይ ወንድሟ ነህ። እውነት ብትናገር እንኳ ማን ያምንሃል?” አሉኝ። ደጁ ላይ ተቀምጬ አልነሳም አልኩ። ሲመሽ ሰለቻቸውና “እሺ፣ ነገ ሰው ፊት ወጥተህ ተናገር፤ ሰው ይፍረድ” አሉ።

ቅዳሜ መጋረጃው ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልሳቀም። ጋሼም “ጣሳው ቀርቷል። ፊልሙን እዩና ሲያልቅ ይደገም የሚል በግራ፣ ይብቃ የሚል በቀኝ ይቀመጥ” ብለው ፈረዱ። እማዬም መጥታ ነበር። አስቢው፣ ያ ሳቅ ከተሰማ ወዲህ በሲኒማ ቤቱ ደጅ እንኳ አልፋ የማታውቅ ሴት! እትዬ ልብስ ሰፊዋ “ነይ በግራ” ቢሏት “ሳላይ አልፈርድም” ብላ መሐል ተቀመጠች።

መብራት ሲበራ ወንበሩ ተንጫጫ። እትዬ በግራ፣ ፀጉር አስተካካዩና ጓደኞቹ በቀኝ፣ ባልና ሚስት እንኳ ተለያይተው ተቀመጡ። እማዬ መጨረሻ ላይ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ዝግ ብላ ወደ ግራ ሄደች። አጠገቤ ስትደርስ “ያን ጊዜ በእሷ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ያፈርኩት በሰው ሳቅ ነው” አለችኝ። ግራው ስልሳ አንድ፣ ቀኙ ሃምሳ አራት። ፖስተሩ ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ሲወጣ “ሳምንትም እመጣለሁ፣ ልሰድባት” አለ። ጋሼም “ና፣ ለሚሰድባትም ወንበር አለ” አሉት።

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ይዞኝ “ትመጣለች?” አለኝ። አዎ የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አንድ ጊዜ ባንቺ ፋንታ ወስኜ ምን እንዳደረግኩ አየሁ። መልሱ የእሷ ነው አልኩት። እሱም ለአንቺ የጻፈውን ሰጠኝ፤ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው፣ አልከፈትኩትም። ወደ መብራት አንዴ ብቻ ይዤዋለሁ፣ ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ አላሳየኝም። እስከ ወር መጨረሻ ይጠብቅሻል። እሺ ካልሽም እምቢ ካልሽም በራስሽ እጅ ጻፊለት። የሳቁትን ነግሬሽ ነበር፣ ዝም ብለው የወደዱሽን ግን ማንም አልነገረሽም፤ አሁን ስልሳ አንድ ናቸው፣ እማዬም አንዷ ናት። ይህን ሳታውቂ እንዳትወስኚ ብዬ ነው የጻፍኩት።

አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የባሏን ራዲዮ ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም በያቸው፣ ካላመኑሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ። መንትዮቹን ሳሚያቸው፣ የቱ የቱ እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፤ ሁለቱንም እኩል ሳሚ። አብራሽ የምታጥበዋን ጓደኛሽን ሰላም በያት፣ ስለ እኔ የነገርሻትንም ግማሹን ሰርዢ። እማዬ በጣም ትስምሻለች፤ “ወገቧን በሻሽ ትሰር” ብላለች።

እየናፈቀሽ የሚያበሽቅሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከሲኒማ ቤቱ ቲኬት መቁረጫ ክፍል
ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን