ጮክ ተብሎ የሚነበብ የአቶ ኤሞሪ ጌትውድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤሞሪ ጌትውድ ከአባታቸው ከአቶ ሎኒ ጌትውድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፐርሊ ሜይ ሃርግሮቭ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1931 በአላባማ፣ ዩቶ ከተማ ዳርቻ ተወለዱ። እሳቸው ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ታሪክ ጽፌ የማነበው እኔ ኢሞጂን ደግሞ የመጨረሻዋ ነኝ። ስለ ራሴ የማወራው እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ካበቃ እናያለን።

ቤተሰቡ በ1937 ወደ ዲትሮይት መጥቶ አባታችን ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሥራ ያዙ። አቶ ኤሞሪ ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታትለው በ1949 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በትምህርታቸው መካከለኛ ነበሩ። እንዲህ ባለው ቀን ሟች ሁሉ የክፍሉ አንደኛ ስለሚሆን፣ እዚህ የሚነበበው ሁሉ እውነት መሆኑን እንድታውቁልኝ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

በዚያው ዓመት አባታችን ቤልኮርት ገዙ። ቤልኮርት በዚህ ከተማ ሁለት ሠረገላ ሠሪ ወንድማማቾች በ1908 የጀመሩት መኪና ነበር። አፍንጫው ላይ የብር ሽመላ ይቆማል፤ ወንበሩ ቆዳ፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ የማይሰማ። የከተማው ሐኪሞችና ባለ ባንኮች ይይዙት ነበር። የእኛ ሰው፣ ጥቁሩ፣ በፋብሪካው ይሠራዋል፣ ለባለቤቱ ይነዳዋል፣ ያጥበዋል፤ ከመሸጫው ገብቶ መግዛት ግን አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ አባታችን ስታሽ የሚባል ፖላንዳዊ የሥራ ባልደረባቸውን ላኩ። ስታሽ በራሱ ስም ገዝቶ ሲወጣ አባታችን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንደ ተቀጣሪ ወለሉን እያዩ ነበር። ሁለት መንገድ እንደተሻገሩ ቦታ ተለዋወጡ። ቤት ሲደርሱ እናታችን በረንዳ ላይ ቆማ አለቀሰች። አባታችንም እኛን ኋላ ደርድረው፣ “ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ዛሬ ሰው እያየን ነው” አሉን። ወንድሜ ያን ቀን የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና በዓይናቸው አልገባም።

ከ1951 እስከ 1953 በኮሪያ የጭነት መኪና ነድተው በሰላም ተመለሱ። በ1954 በከተማው አውቶቡስ ድርጅት ተቀጥረው በዴክስተር መስመር ላይ ሠሩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መስተዋት እንኳ አላስነኩም። ልጅ ያዘለች እናት ገና ከበሩ ስትወጣ አይተው ጥግ ይዘው የሚጠብቁ ሹፌር ነበሩ። ከእናንተ መሃል በእሳቸው አውቶቡስ ትምህርት ቤት ያልሄደ ካለ እጁን ያውጣ።

በ1956 ከወይዘሮ ክሎዴት ሲምስ ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። በ1958 አንድ ልጃቸው ራሞና ተወለደች። ክሎዴትን የማታውቁ ባርኔጣዋን ታውቁታላችሁ፤ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው ፓስተሩን አያይም ነበር። በ1963 ወንድሜ በራሳቸው ስም፣ በፊት ለፊት በር ገብተው የመጀመሪያውን ቤልኮርት ሲገዙ፣ እሷ ያየችው ሞተሩን አልነበረም። ገብታ ተቀመጠችና፣ “ባርኔጣዬን ሳላወልቅ የምቀመጥበት መኪና አገኘሁ፤ በል ክፈል” አለቻቸው።

ያ መኪና ጥሩ ነበር። የ1971ዱም ደህና ነበር። ከዚያ ፋብሪካው ተሸጠ፤ የገዙት ሰዎች ወንበሩን አወፈሩ፣ ሞተሩን ግን ከርካሽ መኪና አንስተው ሽመላ ለጠፉበት። የ1978ቱ ዝናብ ሲመጣ መስኮቱ አይዘጋም፤ የጣሪያው ጨርቅ ተቦጭቆ ክሎዴት ባርኔጣ ላይ ወረደ። በየበጋው የቤልኮርት ባለቤቶች ቤል አይል ደሴት ላይ ተሰብስበው የጎድን ጥብስ እየበሉ፣ መኪናቸውን እየወለወሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያማርሩ ይውላሉ። አንዱ መሪው ይንቀጠቀጣል ይላል፣ ሌላው ማርሹ ይዘላል ይላል። ከውጭ የመጣ ሰው “ታዲያ ለምን ሌላ አትገዙም?” ካለ ግን ሊደበድቡት ይነሳሉ። በዓመቱ ደግሞ ሁሉም አዲሱን ቤልኮርት ይዞ ይመጣል። እኛ እንዲህ ነበርን። የአባታችንን ኋላ ወንበር መቀመጥ ከንቱ እንዳይሆንብን እየፈራን ገንዘባችንን ከፈልን።

በ1980 ዲያቆን ኔልሰን ትራምብል በዚህ ከተማ የቤልኮርት መሸጫ ባለቤት የሆኑ የመጀመሪያው የእኛ ሰው ሆኑ። ዛሬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው የተቀመጡት ናቸው። ያን ጊዜ ይህ ጉባኤ ቆሞ አጨበጨበላቸው፤ ወንድሜም አጨብጭበዋል። በ1985 አራተኛውን ቤልኮርት ከእሳቸው ገዙ። “የራሳችን ልጅ ሲሸጥ ካልገዛን አባቴ ለምን ወለል አየ?” ነበር ያሉት።

አራተኛዋ መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ትጠፋለች። ወደ ቀኝ ደህና ናት፤ ቀጥታም እንደ ንግሥት ትሄዳለች። ወደ ግራ መሪውን ሲጠመዝዙት ሞተሩ ጸጥ፣ መሪው ደረቅ፣ ፍሬኑ ድንጋይ። ወንድሜ ወደ መሸጫው መለሷት። ዲያቆን ትራምብል በሳምንቱ አጥበው ሰጧቸው። እንደገና ጠፋች፤ እንደገና መለሱ፤ እንደገና ታጥባ ወጣች። በሦስተኛው እኔም አብሬ ነበርኩ።

“ወንድም ኤሞሪ፣ አውቶቡስ ልማድ ሆኖብዎት ነው። ይቺ እመቤት ናት፤ በእርጋታ ነው የምትያዘው” አሏቸው።

“ኔልሰን፣ እመቤት ከሆነች መንገድ መሃል ለምን ትተኛለች?”

“ባለሙያዎቼ አይተዋታል። ምንም የላትም።”

“እኔ የምልህ፣ አንተ ነድተሃታል?”

ዲያቆን ትራምብል ስቀው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ወደ ግራ መታጠፍ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ይዞሩ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ሲያሾፍባቸው ክሎዴት ከውስጥ፣ “አትቸኩሉ፤ እኛ ከተማ እየጎበኘን ነው” እያለች እጇን ታውለበልብ ነበር።

ኦክቶበር 12 ቀን 1986፣ እሑድ፣ ከአምልኮ ሲመለሱ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ የቀኙ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባ ነፋባቸው። ዴክስተር እና ዴቪሰን መገናኛ ላይ ወደ ግራ ታጠፉ። መኪናዋ መሃል መንገድ ላይ ጠፋች፤ የመጣው የጭነት መኪና በክሎዴት በኩል ገባ። ክሎዴት እዚያው አረፈች። ወንድሜ ክንዳቸው ተሰብሮ ተረፉ፤ መትረፋቸውን ግን አንድም ቀን አላመሰገኑም።

መርማሪው ዲያቆን ትራምብልን ሲጠይቃቸው፣ መኪናዋ ፍጹም ጤነኛ ናት አሉ። ያ አልበቃ ብሎ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር ራሞናን አቅፈው እንዲህ ሲሏት ሰምቻለሁ፦ “ልጄ፣ አባትሽ ደክሟቸው ነበር፤ ትንሽ አንቀላፍተው ይሆናል። ሰው ናቸውና አትፍረጂባቸው።” አትፍረጂ ተብላ ፈረደች። ከእናቷ ቀብር በኋላ ወደ ክሊቭላንድ ሄዳ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአባቷን ደጅ አልረገጠችም። ወንድሜም የአውቶቡሳቸውን ቁልፍ በገዛ እጃቸው መልሰው ከሥራ ወጡ። የሚሳፈረው ሰው ሁሉ በመስተዋቱ ውስጥ የሚያያቸው ይመስላቸው ነበር።

አሁን ጉባኤው ይስማኝ። ክሎዴት ከመሞቷ በፊት በነበረው ጸደይ፣ የዲያቆን ትራምብል ባለቤት የሆነችው እህት ሎሬይን በጃፓን መኪና መምጣት ጀምራ ነበር። የቤልኮርት ሻጭ ሚስት፣ በዲትሮይት፣ በጃፓን መኪና! ማንም እንዳያያት ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ጀርባ እያቆመች፣ በተረከዝ ጫማዋ በእግሯ ትመጣ ነበር። ያየናት ሁሉ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ብለን ሳቅን። ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ማካሮኒ ስናቀርብ ጠየቅኳት። ጭልፋውን አስቀምጣ አለቀሰች። “ኢሚ፣ ኔልሰን ነው የከለከለኝ። ወደ ግራ ስትዞሪ ትጠፋብሻለች፣ ቤልኮርት እንዳትነኪ ብሎኛል” አለችኝ። ስሟን እዚህ እንዳነሳ ትናንት በስልክ ፈቅዳልኛለች። እህት ሎሬይን፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ።

እንግዲህ ያውቁ ነበር። ለሚስታቸው ነገሩ፤ ለወንድሜ አጠቡ።

የዚያኑ ዕለት ልጮህ ስነሳ ወንድሜ ከለከሉኝ። “ከአንቺ አፍ አልፈልገውም። እሱ ራሱ በራሞና ፊት ይናገር። የእግዚአብሔር ሰው ነው፤ ይናገራል” አሉ። ጠበቁ። የመኪናዋን የተመታ ጎን ብቻ አሠርተው ጋራዥ ውስጥ አኖሯት። የሚገዛት ሲመጣ፣ “የሌላውን ሰው ሚስት ልግደል እንዴ?” እያሉ መለሱት። የቤልኮርት ፋብሪካ በ1995 ተዘግቶ ሽመላው ከሕንፃው ላይ ሲወርድ ብዙ ባለቤቶች ሄደው አለቀሱ። ወንድሜ ቤታቸው ተቀምጠው የቤዝቦል ጨዋታ ሰሙ። ዲያቆን ትራምብል ደግሞ በወሩ የሌላ ፋብሪካ መኪና መሸጥ ጀመሩ።

አቶ ኤሞሪ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በዚህ በጋ ጠናባቸው። በጁላይ ዲያቆን ትራምብል የፍራፍሬ ቅርጫት ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ። ወንድሜ እጃቸውን ያዙና፣ “ኔልሰን፣ ለራሞና ደውልላት። አንድ ቃል ብቻ” አሏቸው።

“አሁን ምን ይጠቅማል፣ ወንድም ኤሞሪ? ይረፉ። እንጸልይ” አሉና ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ወንድሜ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ሲያዩዋቸው ቆዩ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኦገስት 19 ቀን 1997 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ክልከላቸውም አብሯቸው ሞቷል።

ትናንት የዲያቆናቱ ሰብሳቢ ደውለው፣ ፕሮግራሙ ስለሚረዝም የሕይወት ታሪኩ በለስላሳ ሙዚቃ፣ ሁሉም በየመቀመጫው በጸጥታ እንዲያነበው ቢደረግ አሉኝ። “የምሳው ዶሮ እንዳይቀዘቅዝ” አሉ። ሰብሳቢው ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እኔም፣ “ዲያቆን፣ ዶሮው ይቀዝቅዝ” አልኳቸው።

መኪናዋ አሁን ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ቁልፏ ሳጥኑ ላይ፣ አበባው አጠገብ ነው። ከዚህ ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ዴቪሰን ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። ፖሊስ መንገዱን ስለሚዘጋልን ማንም አይጎዳም። ዲያቆን ትራምብል፣ ምንም የላትም ያሏትን መኪና ይንዱልንና ሰልፉን ይምሩ። ሳትጠፋ ከታጠፈች፣ እኔ የስልሳ ዓመት ሴት መንገዱ ላይ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ከጠፋች ለቀብሩ ሰልፍ መብራት ያበራ መኪና ሁሉ ከኋላዎ ቆሞ ያያል። ትናንት እኔ ራሴ በዚሁ ግቢ ሞክሬያታለሁ፤ ውጤቱን አልነግርዎትም። ቁልፉን ማንሳት ካልፈለጉ ደግሞ፣ ራሞና ፊት ለፊትዎ ተቀምጣለች። አንድ ቃል ነው የተጠየቁት።

አቶ ኤሞሪ አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። የልጅ ልጆቻቸውን አንድ ቀን እንኳ አልሳሟቸውም። ራሞና የኔ ልጅ፣ አባትሽ አልተኙም ነበር። ያን ቀን ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ፣ እናትሽን ስሟን እየጠሩ ነበር።

የአቶ ኤሞሪ ጌትውድን ነፍስ እግዚአብሔር በክሎዴት አጠገብ ያሳርፍልን፤ በሕይወት ሳሉ ያልሰጠናቸውን እምነት እሱ ይስጣቸው። ለዲያቆን ኔልሰን ትራምብል ግን እስኪናገሩ ድረስ ዕረፍት አይስጥልን።