ለእንግሊዝ ቤት ጌታ፣ ስለ እናቴ የጭቃ ክፍል

ጆሃንስበርግ፣ ሐምሌ 2012 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ደምሰው
የሰፈራችን የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ በሩቁ በሚሰላለምበት በዚህ ዘመን ለእርስዎም፣ ለባለቤትዎ ለወይዘሮ የሺሐረግም፣ ጥቁር ጣውላ ለለበሰው ቤትዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በግቢዬ ያለው የእናቴ ክፍል የሰፈሩን የእንግሊዝ መልክ ያበላሻልና እስከ ወሩ መጨረሻ ይፍረስ ብለው የጻፉልኝ ትእዛዝ ደርሶኛል። ስለ አጻጻፉ ውበት እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ። መልሴን ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያነበው ማድረጌ ኮሚቴዎ ለግልጽነት ያለውን ፍቅር ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቤትዎ። ሁለታችንም መሀል ከተማ ዱርንፎንቴን ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ተከራይተን ስንኖር ቤቱ ለሽያጭ መቅረቡን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ቤት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይሄድም፣ ትልቅ ሰው ያስከትላል በሚለው ልማዳችን እርስዎን ይዤ ሄድኩ። ቀጥ ብሎ የወጣውን ጣሪያ ቀና ብለው አዩ፣ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ የተሠራውን ደርብ አዩ፣ በእርሳስ ማዕድን የተያያዙትን ትንንሽ የመስኮት መስታወቶች ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያም እርጥበት አለበትና ይቅርብህ ብለው መከሩኝ። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ፤ በሳምንቱ እርጥበቱን ራስዎ ስለገዙልኝም ጭምር። ለእኔ የደረሰኝ ከጎኑ ያለው ጠባቡ ቤት ነው፤ ከወጥ ቤቴ መስኮት የሚታየኝም የእርስዎ ጭስ ማውጫ ነው። ቅናት ነው ቢሉኝ አልክድም። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ እንኳ በደጅዎ ዞሬ ነው የምመለሰው።

ሁለተኛ፣ ስለ እናቴ። ልትጠይቀኝ እንደመጣች በወረርሽኙ ምክንያት በረራው ተቋረጠና እዚሁ ቀረች። እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የበሽተኛ ናሙና ስመረምር ውዬ የምገባ ሰው ስለሆንኩ ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደር ፈራሁ። የሕንፃ ዕቃ መደብሮች በእገዳው ተዘግተው ሲሚንቶ ጠፋ፤ እናቴ ግን ሲሚንቶ ማን ጠየቀህ አለችኝ። ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆረጥን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ ጭድ ላከልን፣ ጭቃውን እሷ ራሷ ረግጣ አቦካችው፣ ግድግዳውንም በመዳፏ ለሰነችው። በዚህ ብርድ የምትተኛው እዚያ ነው። ክፍሉ ከፈረሰ የምትገባው እኔ ወዳለሁበት፣ ማለትም ወደ በሽታው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ እንግሊዝ መልክ። ቤትዎን ስለተመኘሁት ስለ ዘር ማንዘሩ ብዙ አንብቤአለሁ። በአገሩ እንዲህ ያለው የድሮ የገጠር ቤት የሚቆመው በወፍራም የኦክ እንጨት ነው። ምሰሶው ከአግዳሚው ጋር በእንጨት ችንካር ይያያዛል፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፣ ጭድና እበት በገባበት ጭቃ ይመረጋል፣ በላዩ ኖራ ይቀባል። ይህን ደግመው ያንብቡና በአጥሩ በኩል የእናቴን ክፍል ይመልከቱ። የእርስዎ ቤት ግን ጡብ ነው፤ ጥቁሩ ጣውላ ላዩ ላይ በሚስማር የተመታ ጌጥ ነው። አንዱን ነፋስ ነቅሎ ሲጥለው ከመንገድ አንስቼ በደጅዎ ያቆምኩልዎ እኔ ነኝ። የቅርስ ሰሌዳው የተሰቀለው ግን በእርስዎ በር ላይ ነው።

ትእዛዙ እንዲነሣ በትሕትና እየለመንኩ፣ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ምክርዎን ሰምቶ ሜዳ ላይ የቀረ፣ ጤናዎንም ጣሪያዎንም ዘወትር የሚመኝ ጎረቤትዎ፣
ሲራክ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የሰማሁትን ልጨምር። ወይዘሮ የሺሐረግ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አጥር ጥግ ቆመው እናቴን አነጋግረዋል። እሳቸው አስም ስላለባቸው እርስዎ ከሆስፒታል የሕሙማን ክፍል ሲመለሱ ቤት ሳይገቡ መኪና ውስጥ እንደሚያድሩ ነግረዋት፣ በጓሮ፣ ከመንገድ በማይታየው በኩል፣ የእኛን የመሰለ ክፍል እንድትሠራልዎ ለምነዋታል። እናቴ እኔን ሳታማክር እሺ ብላለች፤ ጭቃው ከአሁኑ በግቢያችን ተረግጧል። ለኮሚቴው የሚያመለክቱበትን መንገድ እርስዎ ያውቁበታል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፤ እናቴ የዶክተሩን ክፍል ከእኛው ሰፋ አድርጌ ነው የምሠራው ብላለች።