የወንድሜ መርዶ ሰዓት

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

አባባን ቦሌ መድኃኔዓለም ከቀበርናቸው ወር አለፈን። ምሥራቅ ጀርመን የሚማረው ወንድሜ ሰለሞን ግን እስከ ዛሬ አልሰማም፤ ፈተናውን ይጨርስ ተብሎ ተደብቆት ነበር። ዛሬ ሲነጋ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርዶውን ሊነግሩት እዚያ ካሉ አብሮ አደጎቹ ጋር በስልክ ተቀጣጥረን ነበር። እማዬም፣ "ልጄ ብቻውን አያለቅስም፤ በዚያው ሰዓት እኔም አለቅሳለሁ" ብላ ነበር።

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እማዬ ደረቷን እየመታች ጮኸች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። የጀርመን ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደኋላ መሆኑን አስቀድሜ አልነገርኳትም። ከነገሩ ሁሉ ይኼን ረስቼው ኖሯል። አላስችል ሲለኝ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ።

"እማዬ፣ እዚያ እኮ ገና ሌሊት ነው። ሰለሞን ተኝቷል። የሚነግሩት በእኛ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።"

ለቅሶዋን ገታች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ለሰለሞን አባባ ገና አልሞቱም።

ከዚያ እጇን ወደ ለቀስተኛው ዘርግታ፣ "በሉ ዝም በሉ" አለች። "ልጁን እንዳትቀሰቅሱብኝ።"