የላክኸው ጎሚኒ ሰፋ

እንጅባራ፣ ጥር 1972

ልጄ ዓባይነህ፣ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንህ። እኛ ደህና ነን፤ እህትህ ስሜነሽም በሰላም ተገላገለች።

ለአሮጌዋ መኪናችን የላክኸው የፍሬን ጎሚኒ ሰፊ ሆነ። አባትህ ላስቲኩን በምላጭ ቢከረክመውም የፍሬኑን ዘይት አልያዘም። ባለሱቁ ዘመናዊ ነው ሲልህ አመንከው፣ አይደል? መኪናዋ እኮ በዕድሜ ትበልጥሃለች!

ቀበሌዎቹ እህል ጫንልን ሲሉት አባትህ «ፍሬን የላትም» ቢላቸው «አሻጥር ነው» አሉት። አሁን እየፈራ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥሊሊ እህል ይጭንላቸዋል። ደብዳቤውን በሰው እጅ የላክሁት ለዚህ ነው።

የድሮውን ጎሚኒ ከወረቀቱ ጀርባ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬልሃለሁ። ሳትከፍል እላዩ ላይ ለካው።

አባትህን ብቻውን አልሰደውም። ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ ሲወርድ ድንጋይ ታቅፌ ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ መኪናዋ ልትቆም ስትል ወርጄ ጎማው ሥር እወሽቃለሁ።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ቶሎ ላክልን። እስኪደርስ ፍሬኑ እኔ ነኝ።

እናትህ እቴናት